አያ አሻግሬ የሞተ ሰሞን

አያ አሻግሬ የሞተው እኔ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ባለፈው ሳምንት ደውሎልኝ ነበር። ደህና ነው፤ ብርድ ሲሆን ጉልበቱን ይጠዘጥዘዋል እንጂ ሌላ ስሞታ አላሰማም። ለምን እንደደወለ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ይሙት።

የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። አዲስ አበባ፣ ስሙ በሬዲዮ በሚጠራ አንድ ክለብ ውስጥ በረኛ ነበር። ወላጆቹ አሻግሬ ብለው ስም አወጡለት፤ እሱ ደግሞ አድጎ ምንም አለማሻገርን መተዳደሪያው አደረገ። ጎል የገባበት ዕለት ተመልካቹ «ዛሬ ስምህን አከበርክ!» እያለ ይጮህበት ነበር አሉ። በእኛ ከተማ በደባርቅ፣ ሲጫወት በዓይኑ ያየው ሰው ጥቂት ነው። በሬዲዮ የሚታወቅ በረኛ ደግሞ ቁመቱን ሰው ሁሉ እንደ ልቡ ይሰፋለታል። ገብስ ከታጨደ በኋላ አንድ ቀን ከጎንደሩ አውቶቡስ ጎንበስ ብሎ ሲወርድ «ይኸው ነው እንዴ?» ያለ አልጠፋም። ረጅም ነበር እኮ። እነሱ የጠበቁት ግን የቤተ ክርስቲያን ጥድ የሚያህል ሰው ነው።

መናኸሪያው ውስጥ አንዱ ብርቱካን ወረወረበት። «ያዝ!»

አያ አሻግሬ ሳያይ ያዘው። ከዚያ በኋላ የሚያቆማቸው ጠፋ። ሎሚ ወረወሩ፣ ዳቦ ወረወሩ፣ ሊስትሮው ብሩሹን ወረወረ፤ አንዲት ሴትዮ የያዘችውን ዶሮ ልትወረውር ስትል ባሏ እጇን ያዛት። እሱ ሁሉንም ያዘ፤ ሁሉንም ለባለቤቱ መለሰ። አንዴም አልሳቀም። እኔ የእናቴን ቀሚስ ጨብጬ «ትልቅ ሰው አይስቅም ማለት ነው» ብዬ አሰብኩ።

ክለቡ ጉልበትህ ከእንግዲህ አይመለስም ብሎ እንዳሰናበተው ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የምታውቀው እናቴ ብቻ ነበረች።

እናቴ ገበያነሽ ትባላለች። የተቆላ ገብስ እያስፈጨች በሶ ትሸጣለች፤ ደንበኞቿ ቱሪስት ይዘው ወደ ተራራው ፓርክ፣ ወደ ጨነቅ የሚወጡ በቅሎ ነጂዎች ናቸው። አባቴ እዚያው ጨነቅ የፓርኩ ጠባቂ ስካውት ስለሆነ አልፎ አልፎ ነው ጠመንጃውንና ቁንጫውን ይዞ ብቅ የሚል። ለአያ አሻግሬ የውስጠኛው ክፍል ተለቀቀለት። አልጋው ግን አጠረው፤ ከቁርጭምጭሚቱ በታች ውጭ አደረ። በማግስቱ እናቴ ፍራሹን መሬት ላይ አነጠፈችለት። ተኛ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ በቃ።

እኔ ልምምድ መስሎኝ ነበር። በረኛ መውደቅ ሥራው ነው፤ ወድቆ መቆየትን እየተለማመደ ይሆናላ። ግን ሰነባበተ። እናቴ ምሳ ታስገባለች፤ ምሳው እንደገባ ይወጣል። ጎረቤታችን እትዬ ዓለምዬ በአጥር በኩል አንገቷን ታሰግጋለች።

«ገበያነሽ፣ ልጁን ምን ነካው?»

«ብርድ መትቶት ነው።»

«ብርድ እንዲህ አያስተኛም። ይኼ ዓይን ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ ያፈጠጠበት ልጅ!»

«በሬዲዮ ነው እኮ የሚያውቁት። ሬዲዮ ላይ ምን ዓይን አለ?»

እትዬ ዓለምዬ ትንሽ አሰበች። «ጆሮም ይበላል» አለች።

እኔ በበኩሌ ጉዳዩን በሙያ ለመመርመር ወሰንኩ። ከድስት ውስጥ የተቀቀለ ድንች አወጣሁና በሩ ላይ ቆምኩ። «አያ አሻግሬ!» አልኩ። ዞር አለ። «ያዝ!»

ድንቹ ግንባሩ ላይ ፈነዳ። እጁ ከጋቢው አልወጣም።

«ጎል ነው?» አልኩ፣ ፈራ ተባ እያልኩ።

አሰበበት። «ጎል ነው» አለ። «ንጹሕ ጎል።» ከነድንቹ ወደ ግድግዳው ዞረ።

በኩራት እየዘለልኩ ለእናቴ ነገርኳት። ሬዲዮ የሚያወራለትን በረኛ አግብቼበት መጣሁ። እናቴ እጇን አፏ ላይ ጭና ምድጃው አጠገብ ቁጭ አለች። የመጥበሻው ገብስ እስኪያርር አልተነሣችም። በሷ ቤት ገብስ አርሮ አያውቅም።

በዚያው ሰሞን እናቴ ሌባ መፍራት ጀመረች። የአባቴን የበቅሎ መጫኛ ገመድ፣ ቢላዋውንና የአያ አሻግሬን ምላጭ በጨርቅ ጠቅልላ ገብስ ጎታው ውስጥ ስትቀብር ደረስኩባት።

«ሌባ መጣ እማዬ?»

«አዎ፣ ሌባ አለ። ትንፍሽ እንዳትይ።»

ለአባቴም በበቅሎ ነጂ «ስትመጣ ጠመንጃህን እዚያው ተወው» ብላ ላከችበት። ሌባ የፈራ ሰው ጠመንጃ አይምጣብኝ ማለቱ ትንሽ አልገባኝም። አባቴም አልገባውም፤ ተቆጥታኝ ነው ብሎ ሁለት ኪሎ ስኳር ላከላት። ሌባው ማን እንደነበር የገባኝ ትዳር ይዤ፣ በገዛ ቤቴ ድስት እያጠብኩ ሳለ ነው። ድስቱን አስቀምጬ ትንሽ ተቀመጥኩ።

ሬዲዮውም ተዘጋ። ኳስ ሲያስተላልፍ አያ አሻግሬ ጋቢውን ራሱ ላይ ስለሚስብ ነው።

ነገሩ የተበላሸው እትዬ ዓለምዬ የተዋሰችውን ወንፊት ልትመልስ የገባች ዕለት ነው። ያየችውን ልንገራችሁ። ጺሙ ያደገ ወንድ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ተኝቷል። ሬዲዮ ጸጥ ብሏል። እናቴ ወፍጮ ቤት ተራ እንዳያመልጣት ስትጣደፍ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ጥለቱን አንገቷ ላይ ጥላ እየሮጠች ስትወጣ በሩ ላይ ተገናኝተዋል። በኛ አገር እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ ከተገኙ አራተኛው አስከሬን ነው።

«ማን ሞተ?» ብሎ መጠየቅ ደግሞ የማይሆን ነገር ነው። ጎረቤት ሆነሽ እንዴት አላወቅሽም ያሰኛል። እትዬ ዓለምዬ ወንፊቱን ደጃፉ ላይ ጥላ እየተንሰፈሰፈች ወደ እድሩ ዳኛ ሄደች። ዳኛው ጋሼ ሀብተ ሚካኤል ናቸው፤ የመናኸሪያው ተራ አስከባሪ። እሳቸውም ማን ሞተ ብለው አልጠየቁም። ጡሩንባ ነፊውን ገዱን አዘዙት። ገዱ የሟች ስም ሳይጠራ ነፍቶ አያውቅም። ያን ዕለት «የእድሩ አባላት ሆይ! እነ ገበያነሽ ቤት ለቅሶ አለ! የሞተው...» ይልና ስሙ ጋ ሲደርስ ጡሩንባውን ረዘም አድርጎ ይነፋዋል።

እናቴ ዱቄቷን ተሸክማ ስትመለስ ደጃፏ ላይ ድንኳን ተተክሏል። ንፍሮው ተጥዷል። ጋሼ ሀብተ ሚካኤል ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ቆመዋል።

እሷ የመሰላትን እነሱ አላወቁም፤ የመሰላቸውን እሷ አላወቀችም። ወፍጮ ቤት ሄዳ ወንድሟን ለብቻው ትታው ነበር። ዱቄቱን ከትከሻዋ ለቀቀችው፤ ከረጢቱ ፈንድቶ ከእግር እስከ ራሷ አለበሳት።

«ወንድሜን!» ብላ ጮኸች። «ወንድሜን! ወንድሜን!»

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ተነፈሰ። ሟቹ ታወቀ። ገዱ ለቀረው ሰፈር ሊያሰማ ጡሩንባውን ይዞ ሮጠ።

«ሌላ ወንድም ነበራት እንዴ?» አለ አንዱ።

«ነበራት ማለት ነዋ። አሁን እንደሌላት አልሰማህም?»

እናቴ በነጭ ዱቄቷ ሰው ገፍታ ገባች፤ እኔም ተከተልኳት። አያ አሻግሬ ጩኸቱን ሰምቶ በክርኑ ተደግፏል። ላዩ ላይ ወደቀችበት። ፊቱን ዳበሰች፣ አንገቱን ዳበሰች፣ ትንፋሹን አሸተተች።

«እታለም፣ ምንድን ነው? ማን ሞተ?»

«እኔ እንጃ!» አለችና ሳቀች። እየሳቀች አለቀሰች። ማልቀሱን ማቆም አቃታት።

በሩ ላይ ቆሜ ሒሳቡን ሠራሁ። እናቴ ወንድሜን ብላ ጮኻለች። ያላት ወንድም አንድ ነው። ድንኳን ተተክሏል። ስለዚህ አያ አሻግሬ ሞቷል፤ ግን ገና አልነገሩትም። ይህ ምንም አላስገረመኝም። መርዶ ድንገት አይነገርም፤ በኛ አገር ቅርብ የሆነው ሰው ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚሰማው። ከራሱ የቀረበው ደግሞ ማን አለ?

«ደህና ነህ አይደል?» አልኩት፣ በጣም በትሕትና።

«ደህና ነኝ» አለ።

አሳዘነኝ።

እናቴ ፊቷን ጠርጋ ወደ ጓሮ ወጣችና ጋሼ ሀብተ ሚካኤልን ጠራቻቸው። ገዱም ተከትሎ መጣ። እኔ ከጓሮው በር ጀርባ ነበርኩ።

«ጋሼ፣ የሞተ ሰው እኮ የለም።»

«እንዴት የለም? ንፍሮው ተቀቅሏል።»

«ወንድሜ ነው...» ድምፅዋ ወረደ። «ክለቡ አሰናብቶት... ከኳስ ሌላ ምን ያውቃል? ከልጅነቱ ጀምሮ... ጋሼ፣ ፈርቻለሁ። ብቻውን ጥዬው በሄድኩ ቁጥር ፈርቻለሁ።»

ጋሼ ሀብተ ሚካኤል ባርኔጣቸውን አደረጉ፤ አወለቁ፤ እንደገና አደረጉ። ገዱ ግን ደንብ አክባሪ ሰው ነው።

«የእድሩ ደንብ ሟች ይላል። ሟች ከሌለ እኔ በምን ነፋሁ?»

«ሟችማ አለ» አሉ ጋሼ ሀብተ ሚካኤል። «በረኛው ሞቷል። ሰውዬው ነው የተረፈው። ቀብሩ አዲስ አበባ ተፈጽሟል፤ ለቅሶው እዚህ ነው። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ አላስተናገድንም? ድንኳኑ አይነቀልም።»

ገዱ ጡሩንባውን በእጁ አሻሸው። ድሮ ወታደር ነበር፤ ጦሩ እስኪበተን ድረስ ሻምበሉን በጡሩንባ የሚቀሰቅሰው እሱ ነው። «እኔም ያኔ እንዲህ ተኝቼ ነበር» አለ። «ድንኳን የጣለልኝ የለም።»

«አልነገርከንማ።»

«ማን ጠየቀኝ?»

እኔ ግን የሰማሁት አንድ ነገር ነው፤ «በረኛው ሞቷል» ብለዋል፤ ያሉት ደግሞ የእድሩ ዳኛ ናቸው።

ከሰዓት በኋላ ሙሾ አውራጇ እማማ በለጠች ከዳባት ደረሱ። የሚያወርዱትን ማወቅ አለባቸውና በሩ ላይ ያገኙትን ሰው ጠየቁ። ያገኙት እኔን ነው።

«ሟች ምንሽ ነው ልጄ?»

«አጎቴ።»

«ምን ይሠራ ነበር?»

«በረኛ ነው። ኳስ ሲመጣ መሬት ላይ ይወድቃል።»

እማማ በለጠች ኳስ አይተው አያውቁም። ቢሆንም ሙያ ሙያ ነው። ነጠላቸውን አደግድገው መሐል ገቡ።

እጁ መረብ ነበር፣ ደረቱ ግድግዳ፣
ማን ይዘጋው በሩን ከእንግዲህ ለእንግዳ።

ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ። «ያኛውም በረኛ ነበር ማለት ነው?» ሲል አንዱ ሰማሁት። «ዘራቸው ኳስ ማሳለፍ አይወድም» አለው ሌላው።

እኔ ግን ደነገጥኩ። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ሁሉ ነገር ወደ ውስጥ ይሰማል። መርዶውን በሙሾ ሊሰማው ነው! ሮጬ ገባሁና ሬዲዮውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ስለ ማዳበሪያ አጠቃቀም ያወራል።

«ዝጊው» አለ አያ አሻግሬ። ተቀምጧል። ከመጣ ወዲህ ተቀምጦ አይቼው አላውቅም።

«ማዳበሪያ ጥሩ ነው» አልኩ።

«ሲሲ፣ ዝጊው። ልስማ።»

ዘጋሁት። እማማ በለጠች ቀጠሉ።

ወድቆ የሚነሣ፣ ወድቆ የሚቆመው፣
ዛሬስ ምን አግኝቶት ጉልበቱን አመመው።

ጉልበቱን ማን እንደነገራቸው ዛሬም አላውቅም፤ ምናልባት ቤት እንዲመታላቸው ብለው ነው። አያ አሻግሬ ጉልበቱን በሁለት እጁ ያዘ። ከዚያ አለቀሰ፤ ትልቅ ሰው እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር። አወቀ፣ አልኩ በልቤ። ሞቱን አወቀ።

ከዚያ ተነሣ። ጋቢውን አጣፍቶ፣ በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ድንኳኑ ውስጥ ገባ። ወንዶቹ ተጠጋግተው ቦታ ሰጡት። ከዳባት የመጡ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ትከሻው ላይ አደረጉ።

«እግዜር ያጥናህ ልጄ። ምንህ ነው?»

«ቅርቤ ነበር።»

«ዕድሜው?»

«ሠላሳ አንድ።»

«ውይ! ምኑን አመመው?»

«ጉልበቱን።»

«በጉልበት ሰው ይሞታል?»

«ይሞታል» አለ አያ አሻግሬ።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና የገዛ ጉልበታቸውን ዳሰስ አደረጉ። እማማ በለጠች ሊያርፉ ሲቀመጡ አያ አሻግሬ ወደ እሳቸው ዘንበል አለ።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የሚበረታው ግራ እጁ ነበር።»

«እንዴ! ቀድመህ አትነግረኝም?» ብለው ያልጠጡትን ውኃ አስቀምጠው ተነሡ።

ቀኙስ ቀኝ ነው እንጂ፣ ግራው ነው ነበልባል፣
ከእንግዲህ ለዚያ እጅ ኳስ ማን ይሰጠዋል።

ድንኳኑ ተናጋ። ገዱ ከሁሉም አብልጦ አለቀሰ። ለማን እንደሆነ አልጠየቅነውም።

በሣልስቱ ጋሼ ሀብተ ሚካኤል «ዛሬ አሻግሬን እናወጣለን» አሉ። ልማዱን ታውቁታላችሁ፤ ሐዘንተኛ እንደተኛ አይተውም። ሽማግሌ መጥቶ ያስላጨዋል፣ ከቤት ያወጣዋል፣ ሥራ ያስይዘዋል። እኔ ግን ከለቅሶ ቤት ሲወጣ ያየሁት አስከሬን ብቻ ስለሆነ «ሊቀብሩት ነው!» አልኩ በልቤ።

«ገበያነሽ፣ ምላጭ አምጪ» አሉ።

እናቴ አልተንቀሳቀሰችም። ወንድሟን አየችው። እሱም አያት። በመጨረሻ ወደ ጎታው ሄዳ እጇን እስከ ትከሻዋ ገብሱ ውስጥ ሰደደችና ጥቅሉን አወጣች። ሲፈታ ምላጩ፣ ቢላዋውና መጫኛው አንድ ላይ ወጡ።

አያ አሻግሬ ሦስቱን ተራ በተራ አያቸው።

«ገብስ ውስጥ ነበር?»

«ገብስ ውስጥ።»

«ፈልጌው ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች እናቴ።

ደስ ያለው እኔን ብቻ ነው፤ ሌባው አንድም ዕቃ አልወሰደም።

የላጨው ገዱ ነው። እንደ ምልምል ወታደር ላጨው፤ ሁለት ቦታም ቆረጠው። ከዚያ ተሰልፈው ወደ መናኸሪያ ሄዱ። መጫኛው በአያ አሻግሬ ትከሻ ላይ ነው። እኔ ለመንገዱ ስንቅ ይሆነዋል ብዬ ድንች ጨብጬ፣ «አትቅበሩት!» እያልኩ ከኋላ እሮጣለሁ። የሰማኝ የለም፤ ለቅሶ ያላለቀላት ልጅ መስያቸዋለሁ።

የአዲ አርቃይ አውቶቡስ ቆሟል። «ጣሪያ ላይ ዕቃ የሚቀበለው ልጅ ሁመራ ሄዶብኛል» አሉ ጋሼ ሀብተ ሚካኤል። «እስኪመለስ ውጣና ያዝልኝ። የሚወረወር ነገር መያዝ ታውቃለህ ሲሉ ሰምቻለሁ።»

አያ አሻግሬ አንድ እግሩን እየጎተተ መሰላሉን ወጣ። ከታች አንድ የተጠቀለለ ፍራሽ ወረወሩለት። ፍራሹ ደረቱን መትቶ ጣሪያው ላይ ገለበጠውና በዚያኛው በኩል ወርዶ በግ ላይ አረፈ።

«ስምህን አከበርክ!» አለ ከታች አንዱ።

መናኸሪያው በሳቅ ፈረሰ። አያ አሻግሬ ጣሪያው ላይ በጀርባው እንደተዘረጋ ነው። ከዚያ አንድ የማላውቀው ድምፅ ሰማሁ፤ ለካ እሱም ይስቃል። ትልቅ ሰው ይስቃል።

ከዚህ በላይ መደበቅ አልቻልኩም። ሳያውቅ ሥራ ሊጀምር ነው ብዬ ተጨነቅሁ።

«አያ አሻግሬ!» አልኩ በሙሉ ጉሮሮዬ። «አንተ እኮ ሞተሃል!»

ሳቁ ቀጥ አለ። እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። አያ አሻግሬ ወደ ጣሪያው ጠርዝ መጥቶ ቁልቁል አየኝ።

«አውቃለሁ» አለ። «ለቅሶው ላይ ነበርኩ።» ቀጥሎ፣ «የያዝሽው ምንድን ነው?»

«ድንች።»

«ወርውሪዋ።»

ወረወርኩ። በጣም አጣመምኩት፤ ወደ ሾፌሩ በኩል ነው የሄደው። ግራ እጁ ብቻዋን ሄዳ ያዘችው። ከነልጣጩ በላው።

አባቴ የደረሰው ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ ነው። ለቅሶ እንዳለ ሰምቶ፣ ማን እንደሞተ ሳይነገረው፣ ያለጠመንጃው መጥቶ በር ላይ እየጮኸ ወደቀ። አያ አሻግሬ ነው ያነሣው።

ሁመራ የሄደው ልጅ አልተመለሰም። አያ አሻግሬ በዚያ ጣሪያ ላይ ለዓመታት ሠራ፤ ሰዎች ዕቃቸውን እሱ እንዲይዝላቸው ብለው አውቶቡስ ያሳልፉ ነበር። እንዲህ ስል ግን ዳነ እያልኩ አይደለም። ግድግዳው ዛሬም አልፎ አልፎ ይጠራዋል። ያን ጊዜ ነው የሚደውልልኝ።

«ሲሲ፣ በለጠች መጨረሻ ላይ ምን ነበር ያሉት?» አለኝ ባለፈው ሳምንት።

ያውቀዋል፤ ግን እነግረዋለሁ። «ከእንግዲህ ለዚያ እጅ ኳስ ማን ይሰጠዋል» አልኩት።

በስልኩ ትንፋሹን እሰማለሁ።

«ድንች ሰጥቼሃለሁ» አልኩ።

«ጠማማ ድንች» አለና ሳቀ። ከዚያ ድምፁን አስተካከለ። «ስሚማ፣ እድር ልመዘገብ ብዬ ሄጄ ገዱ ምን አለኝ መሰለሽ? አንተ ድንኳንህን ተጠቅመሃል፤ ደንቡ ለአንድ ሰው ሁለት ለቅሶ አይፈቅድም አለኝ።»

«ታዲያ ምን ልታደርግ ነው?»

«ምን አደርጋለሁ? መኖር ነዋ።»